በአንድ ብርጭቆ ውሃ የተዋጡ ሁለት ኪኒኖች

ጥቅምት 12

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው፣ እንቅልፍሽስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደክሞኛል፤ ግን አንቺ ፊት ደከመኝ ማለት ነውር ስለሆነ ትቼዋለሁ።

የምጽፍልሽ ስልኩ ስላልሆነልን ነው። ስንደዋወል እኔ አለቅሳለሁ፣ አንቺ ታባብይኛለሽ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። አሁን አሁን ደግሞ ጭራሽ ማንሳት ትተሻል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት መጣሁብሽ።

ሥራዬን ጠይቀሽኝ ነበር። ዶክተር አልሆንኩም፤ ለሰው እንዳትነግሪ። የላቦራቶሪ ረዳት ነኝ፤ መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የአይጥ አንጎል እቆርጣለሁ። አትሳቂ፣ እንጀራዬ ነው። በምላጭ ማሽን ስስ አድርጌ ከቆረጥኩት በኋላ ጨው ባለው ውሃ ውስጥ አኑሬ ኦክስጅን ስነፋበት ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል። ከዚያ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ እሰካበትና አንዱን ነርቭ እነካዋለሁ፤ ጎረቤቱ ምን ያህል ጮክ ብሎ እንደሚመልስ ማሽኑ ይመዘግባል። ደጋግሜ ስነካው መልሱ ይጠነክራል፣ ጥንካሬውም ይሰነብታል። አለቃዬ እንደምትለው ማስታወስ የሚባለው ነገር ሥሩ ይኸው ነው።

ይገርምሻል፣ አለቃዬ የምታጠናው ያንቺኑ ሆርሞን ነው፤ እንቅርትሽ ተቆርጦ ሲወጣ አብሮ የሄደውን፣ አሁን በኪኒን የምትተኪውን። እጢያቸው የወጣ አይጦች ነርቮቻቸው ቢነኩ ቢነኩ አይጠነክሩም። ሆርሞኑን ስንመልስላቸው ግን ይድናሉ። እነሱን ባየሁ ቁጥር አንቺን አስባለሁ፣ ኪኒንሽ እንዳያልቅብሽም እፈራለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ሴት የዓመት ኪኒንና የዓመት ካልሲየም ይዛልሻለች። እንደ አምናው ሁለቱንም ጠዋት አንድ ላይ ዋጪያቸው። ለየብቻ ካልሽ ወደ ሥራ ስትሮጪ አንዱ ይቀራል፣ አውቅሻለሁ።

አሁን የምጠይቅሽን ታውቂዋለሽ፤ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። እናቴ መጨረሻ ላይ ምን አለች? እኔ ልጇ ሆኜ ፈቃድ ብጠይቅ ተከለከልኩ፤ የመኖሪያ ወረቀቴም እድሳት ላይ ስለነበር አገሩን ጥዬ ብወጣ መመለሻ አልነበረኝም። አንቺ የእህቷ ልጅ ሆነሽ ስድስት ወር አልጋዋ ሥር ተኛሽ። አመሰግንሻለሁ ብል ቃሉ ያንስብኛል። ግን እሷ ካረፈች አራት ወር ሆነ፣ እኔ እስካሁን ምንም የያዝኩት የለም። አንድ ቃል ይበቃኛል።

ታናሽሽ ጩጬ


ኅዳር 24

ለአይጥ ቆራጯ እህቴ ለጩጬ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ክፉ አይንካሽ፣ እጅሽን ምላጩ አይንካብሽ። እኔ ከብርዱ በቀር ምንም አልል።

ዕቃው ደርሷል። ያቺ ምስኪን ሴትዮ ሦስት ጊዜ ቀጥራኝ ሦስቱንም ቀረሁባት፤ በመጨረሻ ራሷ ጤና ጣቢያው ድረስ ተሸክማ መጣች። ይቅርታ ብጠይቃት «ምንም አይደል፣ ሥራ ሲበዛ ነው» አለችኝ። ሥራ አልበዛም። ረስቼ ነው።

ብርድ ያልኩሽ ቀልድ እንዳይመስልሽ። ሰው ሁሉ በሸሚዝ፣ እኔ ሹራብ በሹራብ ላይ፣ አንገቴ ላይ ሻርፕ ጠምጥሜ ነው የምውለው። ፊቴም አብጧል። ካርድ ሊያወጡ የሚመጡ እናቶች በመስኮቷ አጮልቀው «እትዬ ካርድ፣ ተመችቶሻል» ይሉኛል። እብጠቱን ምቾት አሉት። እኔም አመሰግናለሁ እላለሁ፣ ምን ልበል።

ካርድ ክፍሉን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሳለሽ መደርደሪያዎቹ መሃል ድብብቆሽ የተጫወትሽበት ነው። ሃያ ሺህ ካርድ። ድሮ ሰውየው ስሙን ሳይናገር ፊቱን አይቼ ካርዱ የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ ሐኪሞቹ እንግዳ ሲመጣባቸው እንደ ጉድ ያሳዩኝ ነበር። አሁን ቁጥሩን በእጄ ይዤው እንኳ መሰላሉ ላይ ስወጣ ይጠፋኛል። ወርጄ እንደገና አነባለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። ወረፋው እስከ ግቢው በር ይደርሳል፣ ሰው ያጉረመርማል። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እርጅና ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ስለ አይጦችሽ ያነበብኩት አሳዘነኝ። እኔን እንዲህ ስስ አድርገሽ ብትቆርጪኝ ማሽንሽ ይከስራል፤ ብትነኪኝ ብትነኪኝ የምመልስልሽ «ቆይ ልተኛ» ብቻ ነው።

ስለ አክስቴ ለጠየቅሽኝ፣ መርቃሻለች። «ልጄ የረገጠችው ይለምልምላት፣ ስለ እኔ አታስብ» ብላለች። ተረጋግታ ነው ያረፈችው። በቃ፣ ይኸው። ከዚህ በላይ አትመርምሪኝ፤ ለኔም ከባድ ነው።

እትዬ


ታኅሣሥ 17

ለእትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሥራ ቦታ ነው። ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ «የረገጠችው ይለምልምላት» የሚለውን አሥር ጊዜ አነበብኩት። አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ እናቴ መረቀችኝ አልኳት። ስልክ የደወለችልኝ መስሏት ደስ አላት። ከሰኔ ወዲህ ደህና አድርጌ የተነፈስኩት ያን ቀን ነው። ወረቀቱን አጥፌ ካፖርቴ ደረት ኪስ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ሲከፋኝ እዳስሰዋለሁ።

ግን እትዬ፣ ሰው ስስታም ነው። አንድ ቃል ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ አሁን ደግሞ ቀኑ ስንት ነበር፣ ጠዋት ነው ከሰዓት፣ አንቺ ብቻ ነበርሽ ወይስ ሌላም ሰው ነበር፣ ድምጿ ይሰማ ነበር ወይ እያልኩ ነው። ስትችይ ጻፊልኝ፤ ባትችይም ሞክሪ።

የጻፍሽልኝን ብርድና መርሳት ሳስበው ነው የሰነበትኩት። የማውቀውን ላስረዳሽ። ሁለት ነርቮች የሚገናኙባት ክፍተት ሲናፕስ ትባላለች። ሰው አንድ ነገር ሲይዝ ግንኙነቷ ይጠብቃል፣ ሳይነካት ሲቆይ ይላላል። መጥበቁ ግን በፍላጎት ብቻ አይሆንም። ሴሎቹ የሚረጩት የዕድገት ፋክተር የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የተጀመረውን የሚያጸናው፣ አዲስ ቅርንጫፍ የሚያበቅለው እሱ ነው። ሆርሞኖች ደግሞ ይህ ፕሮቲን እንዲበዛ ወይም እንዲያንስ ያደርጋሉ። ጭንቀት ሲረዝም ኮርቲሶል የሚሉት ሆርሞን ይበዛና ያሳንሰዋል። አንቺን ያገኘሽ ይኼ ነው የሚመስለኝ። ስድስት ወር እንቅልፍ አጣሽ፣ ከዚያ ሐዘን መጣብሽ። መድኃኒቱ መራመድ ነው፤ እኛ ጋ ሽክርክሪት ውስጥ የሚሮጡ አይጦች ፋክተሩ ይጨምርላቸዋል። ከሥራ ስትወጪ አውቶቡሱን ትተሽ በእግርሽ ሂጂ። የአንገትሽ ሆርሞን እንደሆነ በኪኒኑ ስለተሟላ አያሳስበኝም።

ይኼን ሁሉ የምለፈልፈው አዋቂ ለመምሰል ነው ብለሽ እንዳትስቂብኝ። ካጠገብሽ ሆኜ ውሃ ላሞቅልሽ አልቻልኩም፤ ከእኔ የሚገኘው ይኼ ብቻ ነው።

ታናሽሽ ጩጬ


የካቲት 19

ለጩጬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ወር ዝም ያልኩት አኩርፌ አይደለም። ጀምሬ ጀምሬ ተውኩት፤ አንዱን ደብዳቤ ደግሞ ጨርሼው የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።

በእግርሽ ሂጂ ብለሽኝ ሄድኩ። ሁለት ቀን። በሦስተኛው ግማሽ መንገድ ላይ መሄድ አቃተኝና የማላውቀው ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፤ ባለሱቁ ውሃ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ነው። እኔ ያንቺ አይጥ አይደለሁም።

አሁን ደግሞ ጉዴን ስሚ። ጥር መጨረሻ ላይ ለአንዲት ሴት የሌላ ሰው ካርድ ሰጠሁ። በገዛ ካርዷ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ተብሎ በቀይ ተጽፏል፤ እኔ በሰጠኋት ላይ የለም። መርፌው ተዘጋጅቶ ነበር። ነርሷ፣ ያቺ አክስቴን ቤት ድረስ እየመጣች ትወጋልን የነበረችው፣ ልማድ ሆኖባት «እስቲ ስምሽን ንገሪኝ» ባትላት ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ ከእስር ቤት ነበር። ሴትዮዋ ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም ነገሩን አላወቀችም። እኔ ግን ዕቃ ቤት ገብቼ ግድግዳ ደግፌ ቆምኩ። እስክወጣ ድረስ ወረፋው ጠበቀኝ።

ኃላፊው ጠራኝ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «እትዬ፣ ሠላሳ ዓመት አገልግለሽናል» ብሎ ጀመረ። እንዲህ ተብሎ የተጀመረ ወሬ በደህና አያልቅም። ሚያዝያ ላይ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ወይ ጡረታ፣ ወይ በር ላይ ወንበር ተሰጥቶኝ ተራ ቁጥር ማደል። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ አክስቴም ሄደች። ያሉኝ ካርዶቼ ናቸው። ከነሱ ከለዩኝ ጠዋት ለምን እንደምነሳ አላውቅም።

ሐኪም ዘንድ ገባሁ። አዲስ ነው፣ በቀን ዘጠና ሰው ያያል። ካርድሽን አምጪ አለኝ። የራሴን ካርድ ፈለግኩ ፈለግኩ፣ የለም። የሃያ ሺህ ሰው ካርድ ጠባቂ የራሷን ጣለች። አንገቴ በሻርፕ ተጠቅልሎ ጠባሳውን አላየ፤ እኔም መናገሩ ትዝ አላለኝ። ሐዘን ነው ብሎ ቪታሚን አዘዘልኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል፤ የኔስ እንቅርቱ ወጥቶም ጆሮ ደግፉ አልቀረልኝ።

ኪኒኑን ታጓድላለች ብለሽ እንዳትጠረጥሪኝ። እንዳዘዝሽኝ ነው፤ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሁለቱንም፣ ትንሿንም ያንን ድንጋይ የሚያህለውንም፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ። የማልረሳው እሱን ብቻ ነው።

የአክስቴን ቀንና ሰዓት የጠየቅሽኝን ተይው። እባክሽን። ያንን ጥያቄ ባነበብኩ ቁጥር ደብዳቤውን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

እትዬ


መጋቢት 21

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳሽም። በፈጣን መልእክት የላክሁት ለዚህ ነው።

ካልሲየሙን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። የአንገትሽን ኪኒን ጠዋት በባዶ ሆድሽ በውሃ ብቻ ዋጪ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ምንም አትቅመሺ። ነገ ነርሷን ይዘሽ ሐኪሙ ዘንድ ግቢ፣ ሻርፑን አውልቂ፣ እንቅርቴ ወጥቷል በይው። የሆርሞን ምርመራ ይዘዝልሽ። ውጤቱ ቢዘገይም ይታዘዝ።

እዚህ ያሉ ሰዎች እንዲህ ይሻላል ስላሉ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ስለ እናቴም ከእንግዲህ አልጠይቅሽም።

ጩጬ


ሐምሌ 3

ለጩጬ፣

እንደምን ከረምሽ እህቴ። እኔ ይኸው ሻርፔን አውልቄያለሁ፤ ብርዱ ለቆኛል።

ያልሽኝን አንድ በአንድ አደረግኩ። ነርሷ እጄን ይዛ አስገባችኝ፤ ሐኪሙ ጠባሳውን ሲያይ ብዕሩን አስቀመጠ። ደሜ ወደ ሌላ ቦታ ተልኮ በሃያ ቀኑ ውጤቱ መጣ። ሆርሞኑ የለም ማለት ይቻላል አለኝ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳላቋርጥ ውጫለሁ ብለውም አላመነኝም፤ እኔም እርግጠኛ መሆን አቃተኝ። ለካ የዋጥኩ እየመሰለኝ ሳልወስደው ኖሬ ይሆናል።

ከግንቦት ወዲህ እያለ እያለ ይሻለኝ ጀመር። አንድ ጠዋት የአውቶቡሱን ሹፌር በስሙ ጠራሁት፤ ዞሮ አየኝ፣ እኔም ደነገጥኩ። ድምፄም ተመለሰ። ስልክ የማላነሳው ለዚያ ነበር፤ እንደ ሽማግሌ ወፍሮ ስትሰሚው እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

ኮሚቴው ግን እስኪሻለኝ አልጠበቀም። ከሚያዝያ ጀምሮ በር ላይ ነኝ። መመለስ እፈልጋለሁ ብዬ አመልክቻለሁ፤ ይታያል ይሉኛል። አሁን ካርድ ክፍል የገባችው ልጅ ሲጠፋት ወደኔ ትሮጣለች፤ ከወንበሬ ሳልነሳ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች» እላታለሁ። የራሴንም ካርድ ያገኘችው እሷ ናት። በአክስቴ ካርድ ውስጥ ተጣጥፎ፣ የሞቱት መደርደሪያ ላይ። በገዛ እጄ ራሴን ከሙታን ጋር አስቀምጬ ኖሬያለሁ። ለነርሷ ስነግራት ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን አልሳቅኩም።

አሁን ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው ያቺ የመጋቢት ደብዳቤሽ ናት። አንቺ የምታሳጥሪው ስትዋሺ ነው። ልጅ ሆነሽም ጥፋት ስታጠፊ ወሬሽ ያጥር ነበር። ሌላ ምክንያት የለውም ያለ ሰው ምክንያት አለው። ንገሪኝ።

ሁለተኛው የኔ ነው፤ አንቺን ጠይቄ እኔ ዝም ልል አይገባም። መርቃሻለች ያልኩሽን ፈጥሬው ነው። እናት የሚባል ሁሉ እንዲህ ስለሚል ብላው ይሆናል ብዬ ነው። እውነቱ፣ አክስቴ ከተኛችበት ከጥር እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ እኔ ዘንድ የለም። ቁርጥራጭ አለ። የአልጋው ብረት፣ የመድኃኒቱ ማንኪያ፣ አንሶላ ስጨምቅ። ቃል ግን የለም። ቀብሯ ላይ ማን እንደነበረ እንኳ ሰው ሲነግረኝ ነው የማውቀው። ስትጠይቂኝ የምቆጣው ለዚህ ነበር። ስድስት ወር አስታምሜ አንድ ቃል አልያዝኩም ብዬ እንዴት ልጻፍልሽ? አፈርኩ። አንቺ ደግሞ ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ ስትዪ ባሰብኝ።

ወረቀቱን ከኪስሽ አውጪው።

እትዬ


ሐምሌ 29

ለእትዬ፣

ሰላምታውን ስጽፍና ስሰርዝ ዋልኩ። ጤና እንዴት ነው ብዬ ጤናሽን ለመጠየቅ ፊት አጣሁ።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ ሆርሞኑን የምንመልስላቸው አይጦች ልክ ሆርሞኑን እንዳላገኙት ሆነው ተገኙ። ነርቮቻቸው ቢነኩ አይጠነክሩም፣ የዕድገት ፋክተሩም ሲለካ ወርዷል። አለቃዬ በኔ አመካኘች፤ አቆራረጥሽ ተበላሽቷል አለችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደግሜ ደጋግሜ ቆረጥኩ። በኋላ አይጦቹን የሚመግበው ሽማግሌ መጣና መኖው ተቀይሯል አለ። አዲሱ ለአጥንት ተብሎ ካልሲየም በብዛት የገባበት ነው፤ ሆርሞኑን ደግሞ የምንሰጣቸው ከመኖው ጋር አደባልቀን ነው። ካልሲየሙ ሆድ ውስጥ ሆርሞኑን ይይዘዋል፣ ወደ ደም አያሳልፈውም። አለቃዬ «ይኼን የማያውቅ ሰው አለ?» ብላ ሁላችንንም አየችን። እኔ ማጠቢያው ጋ ቆሜ ነበር። የየካቲት ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሳምንቱ ነው። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ብለሽ ጽፈሽልኛል።

አንድ ላይ ዋጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ እትዬ። ካልሲየሙን የገዛሁት ማንም ሳያዘኝ፣ የትልልቅ ሴቶች አጥንት ይሳሳል ሲባል ሰምቼ ነው። አምና ጥቅምት ጀመርሽው። እናቴ ጥር ላይ ተኛች። በጣቴ ቆጠርኩት። አንቺ ከእሷ አጠገብ በነበርሽበት ጊዜ ሁሉ የሰማሽው የሚያዝበት ነገር አልነበረም፤ ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ከዚያ ደግሞ ምን አለች እያልኩ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩሽ። ሁሉም በካልሲየሙ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። እንቅልፍ ማጣትሽ አለበት፣ ሐዘኑም አለበት፣ ለይቶ የሚለካው የለም። ግን ይኼን ስጽፍ እንኳ ራሴን ለማዳን እንዳይሆን እፈራለሁ።

ይመለሳል ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ አይመስለኝም። ከእንግዲህ የምትሰሚውን ትይዣለሽ። ያኔ ያልተያዘው ግን የተቀመጠበት ቦታ የለም።

ይኼን መጋቢት ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ፈራሁ። ሥራሽንም ያጣሽው በኔ ነው፤ ለኃላፊሽ የሚሆን ማስረጃ ጽፋ እንድትፈርምልኝ አለቃዬን ለምኛለሁ፣ እሺ ብላለች። ይቅር በዪኝ። ወረቀቱን አላወጣሁትም። ያንቺ ፈጠራ መሆኑን እያወቅኩም እጄ ወደዚያው ይሄዳል።

ጩጬ


መስከረም 14

ለእህቴ ለጩጬ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ዝም ያልኩት አውቄ ነው። ተቆጥቼ ነበር። በር ላይ ተቀምጬ ለሰው አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት እያልኩ በሆዴ አንቺን እሰድብሽ ነበር። የተማረች እህት አለችኝ እያልኩ ስንቱ ፊት ተኩራርቼብሻለሁ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ቦታ፣ የአክስቴ የመጨረሻ ወራት፣ ሁሉም በአንድ ጠርሙስ ካልሲየም። ከዚያ ደከመኝ። ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ገና አላገገምኩም።

ይቅር በዪኝ ብለሻል። ይቅር ለማለት የጠፋብኝን ማወቅ ነበረብኝ፤ እሱን ደግሞ አላውቀውም። ስለዚህ በደፈናው ይቅር ብዬሻለሁ። ለአጥንቴ ብለሽ ነው፣ ክፉ አላሰብሽም። እኔም ያንን ምርቃት የጻፍኩልሽ ክፉ አስቤ አይደለም። የአለቃሽ ማስረጃ ደርሶ ለኃላፊው ሰጥቻለሁ። አንብቦ «እናየዋለን» አለኝ። እናያለን።

የምጠይቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ነርሷ። እስከዛሬ ያልጠየቅኳት አፍሬ ነው። አብራኝ የነበረችን ሰው «ያን ቀን ምን ተባባልን?» ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። ባለፈው ሐሙስ ወረፋው ሲያልቅ አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሽ ጀመር። ያኔ ጠየቅኳት። «አንቺው አልነበርሽ እንዴ፣ ምን እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አለች። እንደማላስታውስ ነገርኳት። እግሯን ማሸት አቁማ አየችኝ፤ ከዚያ ነገረችኝ።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ አሥር ሰዓት ግድም። አክስቴ ማየት ካቆመች ሳምንት ሆኗታል። ነርሷ መርፌዋን ጨርሳ ዕቃዋን ትሰበስባለች፣ እኔ ትራሱን ላስተካክል ጎንበስ ብያለሁ። አክስቴ እጄን ያዘችና «ጩጬ» አለች። ነርሷ፣ ጩጬ ሩቅ ናት እማማ ልትላት አፏን ከፍታ ነበር። እኔ ቀደምኳት። «አቤት» አልኩ አለችኝ።

«መቼ መጣሽ?» አለች አክስቴ።

«ዛሬ ጠዋት» አልኳት።

«ፈቃድ ሰጡሽ?»

«ሰጡኝ።»

«ስንት ቀን?»

«ብዙ ነው፣ አልቸኩልም» አልኳት አሉ። እጄን ሳትለቅ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከዚያ አልነቃችም።

ይኼ ከነርሷ የሰማሁት ነው፤ እኔ አሁንም አንዱም ትዝ አይለኝም። በስምሽ ስለመለስኩላት አትቀየሚኝ።

እትዬ